ጠቋሚዋ ዓሣ

«ይኸው፣ ላንቺ» አለኝ ኤመት፣ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሞ። ሌላው ሰው ለሴት አበባ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ያመጣልኝ ክንዱን የሚያህል፣ የሐይቅ ትራውት የሚሉት ዓሣ ነበር።

ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ! በጋውን ሙሉ የመረብ ጀልባችን በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን ከማንሳት በቀር አንድ ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም።

ያ ዓሣ ለሐይቃችን ባዕድ ነው። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ከጥንት እዚሁ የነበረውን ጉሮሮ ቀዩን ትራውት ግን እየበላ ሊጨርሰው ነው። እኔና ባልደረቦቼ በመረብ እየሰበሰብን ብንገድለውም፣ እንቁላሉን የሚጥልበትን ቦታ ካላገኘን ልፋታችን ከንቱ ነው። ስለዚህ በአምስት ዓሦች ሆድ ውስጥ ያሉበትን የሚጠቁም ትንሽ ራዲዮ ከተን ለቀቅናቸው፤ ቅጠል ሲረግፍ ወደ ዘመዶቻቸው እንዲመሩን። የአራቱ ድምፅ ጠፋ። አንዷ ብቻ ቀርታልን ነበር።

የኤመትን ስጦታ ሆድ እዚያው ስሰነጥቅ ቢላዬ ጠንካራ ነገር ነካ። ራዲዮው ነበር።

«አንተ! ጠቋሚያችንን ገደልካት እኮ!»

«እኔ ምን አውቄ? የተያዘ ሁሉ ይገደል ያላችሁት እናንተ!»

እውነቱን ነው። እንዳትገደል ብለን ጀርባዋ ላይ የሰካነው ቢጫ ምልክት ተነቅሎ ወድቋል።

«የት ነው የያዝካት?»

ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። የሞንታና ሰው የሆድ ድርቀቱን ሳይጠየቅ ያወራል፤ ዓሣ የሚያጠምድበትን ቦታ ግን ለቄሱም አይናገርም።

«ዳርላ፣ ቦታውን አያቴ ለአባቴ የነገሩት ሊሞቱ ሲሉ ነው። ብነግርሽ መረብ ትዘረጉበታላችሁ።»

«ካልነገርከኝ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ያኔ ሐይቁም አለቀለት።»

ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ለዓሣዋ ይሁን ለእሱ እንጃ፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ማለዳ ጀልባውን አስጠግቶ ጠበቀኝ።

«ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ግቢ» አለ።

ከምሥራቁ ገደል ሥር መረብ ጣልን። ስንጎትተው ጀልባዋ አዘነበለች። የወጡት በሙሉ ባዕዶቹ ነበሩ፤ ሆዳቸው በእንቁላል ተወጥሯል።

የኤመት ፊት ተለዋወጠ። «አያቴ እዚህ የሚይዙት ጉሮሮ ቀዩን ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም አላገኘሁም። ቦታቸውን ባዕድ እንደወረሰው ልነግርሽ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

እጁን ያዝኩት። ሁለታችንም ዓሣ ዓሣ እንሸታለን። ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ በጋውን ሙሉ ከባርኔጣው ሥር ምን ዓይነት ዓይን እንዳለ ለማወቅ ስጓጓ ነበር።

«ሌላ የደበቅከው ቦታ አለ?» አልኩት።

«አንድ አለ። እሱን ግን ለሚስቴ ብቻ ነው የማሳየው።»

«ቅዳሜ ይመችሃል?»