ቀርከሃ የሚጠጣ መኪና

«ከተማችን ሊውጆ በኢኮኖሚዋ፣ በባህሏና…»

አስጎብኚዋ ተማሪ ዪንፌን «በመስህቦቿ» ልትል ስትል ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር አንድ እንግዳ ተማሪ አፍንጫውን ያዘ። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ከሩቅ ከተማ ከቺንግዳዎ የመጡት አሥራ አንዱም ተማሪዎች አፍንጫቸውን እንደያዙ በታላቅ ጨዋነት ያዳምጧት ጀመር።

የሊውጆ ሰው ይህ ሽታ አይሰማውም። የከተማይቱን ስም በመላው አገር ያስጠራው የሩዝ ኑድል ያለ ቀርከሃ ቡቃያ አይሠራም፤ ቡቃያው ደግሞ ጋን ውስጥ ተብላልቶ ሲወጣ ምን እንደሚሸት ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከእንግዶቹ አንዷ የፍሳሽ ቧንቧ ፈንድቶ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ረዳት አስጎብኚ ሆና ከዪንፌን ኋላ የቆመችው ጓደኛዋ ጂያቺ፣ የሚሸተው የሹፌሩ ካልሲ መሆኑን በሹክሹክታ ገለጸች። ሹክሹክታው ሹፌሩ ጆሮ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፍሬን የበዛበት ሆነ።

ዪንፌን ግን እውነቱን ታውቃለች። የአውቶቡሱ መስኮቶች ሁሉ ዝግ ናቸው። የሚሸተው የራሷ ሸሚዝ ነው፤ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። መምህር ፓን የከተማይቱን የመኪና ፋብሪካዎች «ከቅርብ የሚያውቅ» አስጎብኚ ተማሪ እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ጂያቺ ብድግ ብላ የዪንፌን አባት የማርሽ መሐንዲስ መሆናቸውን ለክፍሉ አበሰረች። ማንም ሳይጠይቃት ሁለት ሜዳሊያም ጨመረችላቸው። ዪንፌን ውሸቱን ወዲያው ልታርም አፏን ከፍታ ነበር። መምህሩ ግን በዚያው ትንፋሽ ሽልማቱን ተናገሩ፦ የእንግዶቹ መምህርት አስጎብኚዋን ከወደዷት በክረምቱ ዕረፍት አሥር ቀን ቺንግዳዎ፣ ባሕሩ ዳር ይጋብዟታል። ዪንፌን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው።

አባቷ አቶ ሞ ከዓሣ ኮረብታ ሥር ባለች ጠባብ መንደር ሁለት መቶ ጋን ደርድረው የቀርከሃ ቡቃያ የሚያብላሉ ሰው ናቸው። ከመኪና ጋር ያላቸው ግንኙነት ባለሦስት እግር ሞተራቸውን በየሳምንቱ ወደ ጋራዥ መግፋት ብቻ ነው።

ከእንግዶቹ መካከል ሱን ዬ የሚባል ባለመነጽር ልጅ ነበር። ወደፊት መሐንዲስ ሊሆን የቆረጠ በመሆኑ ከአውቶቡሱ መነሻ ጀምሮ ዪንፌንን አላስተነፍስ አላት። አባቷ የሠሩት ማርሽ እንዴት ያለ እንደሆነ ጠየቀ። ጂያቺ ጣልቃ ገብታ ነገሩ ምስጢር መሆኑን፣ ለገዛ ልጃቸው እንኳ እንዳልነገሯት አስረዳች። ሱን ዬ ግን በዚህ የሚመለስ ልጅ አልነበረም፤ ስንት የፍጥነት ደረጃ እንዳለው ብቻ ይነገረው ዘንድ ለመነ።

ዪንፌን የምታውቀው ማርሽ አንድ ብቻ ነው። «አራት» አለች። «ሦስተኛው ግን አይገባም።»

ሱን ዬ በአክብሮት ራሱን ነቅንቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ለምሳ ኑድል ቤት ገቡ። እንግዶቹ መጀመሪያ ከሩቅ ቀመሱ፤ ከዚያ ከቅርብ፤ በመጨረሻ ማንም አፍንጫውን የያዘ አልነበረም፣ ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ነበሩና። ሱን ዬ ብቻ በቀርፋፋ እጅ ሳህኑን እያማሰለ ቆየ። የምግቡ ስም «የቀንድ አውጣ ኑድል» ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣ እንዳላገኘ፣ ምናልባትም አጠገቡ የተቀመጠው እንደበላበት ለኑድል ቤቱ ባለቤት አመለከተ። ሴትዮዋ ከምድጃዋ ዞር ሳትል ቀንድ አውጣው ሾርባው ውስጥ ሌሊቱን ሲቀቀል አድሮ ጠዋት መሄዱን ነገረችው። ይህንንም ጻፈው።

ከምሳ በኋላ ዓሣ ኮረብታ ወጡ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የከተማይቱ አረጋውያን እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው በግጥም ይዘፋፈናሉ። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፦ የተዘፈነበት ሰው በዘፈን መመለስ አለበት። በተራ ንግግር የመለሰ እንዳልመለሰ ይቆጠራል፤ ዝም ያለ ደግሞ ኮረብታውን ወርዶ እስኪጨርስ ይሳቅበታል። ዪንፌን የዚህን ባህል ታሪክ በቃሏ አጥንታ ነበርና በጥሩ ሁኔታ እየተናገረች ሳለ፣ ከጥላው ሥር አንድ የታወቀ ድምፅ ተነሣ። እማማ ታን ነበሩ፤ ለኑድል ቤታቸው ቀርከሃ ከአቶ ሞ መግዛት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ለጨዋታ ያህል እንጂ ክፋት አስበው አልነበረም።

«ነጭ ሸሚዝ ለባሿ እንግዳ የምትመሪ፣
የቀርከሃው ሽታ ከየት ነው ተናገሪ።»

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ጂያቺ ጓደኛዋን ልታድን ከፊቷ ዘላ ገባች፦

«አባቷ መሐንዲስ መኪና ነው ሥራው፣
የሚሸተው ቤንዚን የሞተር ነው ጣጣ።»

አረጋውያኑ በውሸቱ ከመሳቃቸው በፊት ቤቱ ስላልመታ ሳቁ። አንድ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ልጅቷ ግጥሙንም እንደ መኪናው ጋራዥ እንድታስገባው መከሯት። እማማ ታን ግን ቅኝታቸውን ሳይለቁ ቀጠሉ፦

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ስንት መኪና አየሁ፣
ቀርከሃ የሚጠጣ ግን እስካሁን አጣሁ።»

ኮረብታው በሳቅ ተናወጠ። ጂያቺ «ተበላን» አለች በቀስታ።

እንግዶቹ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው ሁሉም ወደ ዪንፌን ዞሩ። ሱን ዬ መነጽሩን አስተካክሎ አባቷ በእርግጥ መሐንዲስ መሆናቸውን ጠየቃት። መልስ ሳትሰጠው መምህርታቸው ወይዘሮ ሹ ፈገግ ብለው ገላገሏት።

«ጨዋታ ነው አይደል? አሮጊቷ እየፎገሩሽ ነው።»

አንድ ጊዜ ራሷን በአዎንታ ብትነቀንቅ በቂ ነበር። ሴትዮዋ አምነዋታል፤ ወዷታልም፤ ባሕሩ እዚያው ከፊት ለፊቷ፣ በሴትዮዋ ፈገግታ ውስጥ ይታያታል። ጂያቺም ከጀርባዋ በጣቷ እየነካካች «ነቅንቂ፣ ነቅንቂ እንጂ» ትላታለች። ዪንፌን ቁልቁል ተመለከተች። ከኮረብታው ሥር የመንደራቸው ጣራዎች ይታያሉ። አባቷ በዚህ ሰዓት ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ጋን ውስጥ ከተው ይሆናል፤ አንዴ ሜዳሊያ ተሸልመው እንደሆነ ብትጠይቃቸው ምን የሚሉት ማሰሮ ነው ይሏታል።

ሽማግሌዎቹ መልሷን ይጠብቃሉ። በተራ ንግግር የሚቀበሏት እንዳልሆነ ታውቃለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰለለ፤ ከዚያ ወጣላት።

«ሁለት መቶ ጋን ነው የአባቴ ፋብሪካ፣
ሽታው እኔም ላይ ነው፣ አልለቀቀም ለካ።»

እማማ ታን ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱና የሚመልሱት እንደሌላቸው በእጃቸው አመለከቱ፤ በዚያ ኮረብታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ቤቱ መምታቱን መሰከሩ።

ወይዘሮ ሹ ግን ፈገግታቸውን ሰብስበው ስለ ጉብኝቱ የሚጽፉበትን ቀይ ደብተር ዘጉ። ተቆጥተው ይሁን፣ አዝነው፣ ወይስ እያሰቡ፣ ከፊታቸው ማንበብ አልተቻለም። ዪንፌን ቀርባ መሐንዲስ ያልሆኑትን ሰው መሐንዲስ ሲባሉ ዝም ማለቷን፣ ሰበብ ሳትደረድር ነገረቻቸው። ሴትዮዋ መስማታቸውን ብቻ ገለጹላት። ስለ ክረምቱ ምንም አላነሡም።

ሱን ዬ በበኩሉ ማስታወሻውን ገልጦ ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

«ታዲያ ሦስተኛው የማይገባው ማርሽ የማን ነው?»

«የባለሦስት እግሩ ሞተራችን ነው» አለች ዪንፌን። «አሁን ግቢያችን ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው።»

የልጁ ዓይን በራ። ተበታትኖ ያለ ማርሽ በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ፣ ሙዚየሞች ውስጥ ያለው ሁሉ በመስታወት ተሸፍኖ ንኩት እንኳ እንደማይባል በምሬት ተናገረ። በምሳው ኑድሉን ያልጠገበች አንዲት ልጅም የቡቃያው ጋን ሲከፈት ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች።

ጂያቺ ዪንፌንን በክንዷ ጎትታ ወደ ዳር ወሰደቻት። «አብደሻል እንዴ አንቺ? ባሕሩ አመለጠሽ። አሁን ቢያንስ ወደ አውቶቡሱ እንመለስ፣ ቀጥሎ የመኪና ሙዚየሙ ነው፤ እዚያ ያጠናሽውን ጥርግ አድርገሽ ካቀረብሽ ሴትዮዋ ይለዝቡ ይሆናል። የእናንተ ቤት ፕሮግራሙ ላይ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች ዪንፌን።

ከዚያም ለእንግዶቹ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ቤታቸው የሚወስደው ደረጃ ሦስት መቶ አሥር መሆኑን፣ መንደሩ ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ አፍንጫ መያዝም እንደማያስቀይም ገለጸችና በመንደሯ በኩል ያለውን ደረጃ መውረድ ጀመረች።