አስካል እና የሚሄደው ደረጃ

አስካል የቦንጋ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ያለችውን አክስቷን ልትጠይቅ ከአባቷ ጋር መንገድ ጀምራለች።

አዲስ አበባ ደርሰው ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄዱ፣ ጣቢያው ጭር ብሏል።

ጥበቃው ትኬታቸውን አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ባቡር ከነገ ወዲያ ነው!»

አባቷ ራሱን አከከ፣ አከከ። «ወይ ጉድ! ቀኑን ተሳስቻለሁ!»

«ታዲያ ምን ልንሠራ ነው?» አለች አስካል።

አባቷ አሰበ፣ አሰበ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ሥራ የለን፣ ቀጠሮ የለን፤ እንዙር!»

መንገድ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል። «ፒያሳ! ፒያሳ! ፒያሳ!»

«አባዬ፣ ፒያሳ ማን ናት?»

«ሰፈር ናት፣ ልጄ።»

«ሰፈር ሲጠሯት ትመጣለች?»

አባቷ ሳቀ። «እኛ እንሂድላት!» አለና ተሳፈሩ።

ሲዞሩ፣ ሲዞሩ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ገቡ። አስካል ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባዬ! ደረጃው ይሄዳል!»

እውነትም ይሄዳል። ሽርርር! ሽርርር! ሰዎቹ እግራቸውን አያነሡም፤ ግን ወደ ላይ ይወጣሉ!

«ኤስካሌተር ነው እኮ» አለቻት ወለል የምትወለውል ሴት።

«አስካል?!» አለች አስካል። «በእኔ ስም ነው የሚጠራው? በቃ፣ መውጣት አለብኝ!»

አባቷ እጇን ይዞ አንድ እግሩን አነሣ። ሽርርር! ቶሎ መለሰው።

«ኧረ ጫማዬን ይበላዋል! እ… ሥራ የለን፣ ቀጠሮ የለን፤ እስኪ እንዙር!»

ዞሩ። ሳምቡሳ በሉ። ተመለሱ።

አባቷ እግሩን አነሣ። ሽርርር! መለሰው።

«እ… ሥራ የለን፣ ቀጠሮ የለን፤ እስኪ እንዙር!»

ዞሩ። የማንጎ ጭማቂ ጠጡ። ተመለሱ።

አባቷ እግሩን አነሣ። ሽርርር! መለሰው። ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ ተፈጠረ።

«ልጄ» አሉ ጎመን የያዙ አንዲት አሮጊት፣ «ደረጃው እስኪቆምልህ ነው የምትጠብቀው? እሱ እንደሆነ አይደክመው!»

አስካል ቀና ብላ የአባቷን ፊት አየች። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አባዬ፣ ፈራህ እንዴ?»

አባቷ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ። «ትንሽ… ትንሽ ብዙ።»

«እኔም ትንሽ ፈርቻለሁ» አለች አስካል። «እጄን አጥብቀህ ያዝ። ወደ ታች አትይ። አንድ… ሁለት… ሆፕ!»

ሽርርርርር! ወጡ! አሮጊቷ ከነጎመናቸው አጨበጨቡ።

ላይ ሲደርሱ አስካል በደስታ ዘለለች። «ቻልን! በቃ፣ አሁን እንሂድ።»

አባቷ ግን ዓይኑ ቦግ ብሎ በርቷል። «እንደገና!» አለ።

ወረዱ። ወጡ። ሽርርር! «እንደገና!»

ወረዱ። ወጡ። ሽርርር! «እንደገና!»

«አባዬ፣ እግሬን ደከመኝ።»

«እግርሽማ አልተራመደም!»

«ቆሞ ደከመው!»

«አንዴ ብቻ፣ የእኔ ልጅ! የመጨረሻ!»

በመጨረሻ የሕንፃው ጥበቃ መጣ። «ጋሼ፣ ልንዘጋ ነው። ደረጃውም ይረፍ።»

አባቷ አስካልን አዝሎ በአቅራቢያው ወዳለ አንድ ማረፊያ ቤት ወሰዳት። እራት በልተው ሲጨርሱ እናቷ ከቦንጋ ደወለች።

«ከተማውን አያችሁት?»

«አየነው!» አለ አባቷ።

«ምን ምን አያችሁ?»

«ደረጃ።»

እናቷ ሳቀች፣ ሳቀች። ስልኩ ራሱ የሚስቅ መሰለ።

ከዚያ አስካል አልጋዋ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ገለጠችው።

«አባዬ፣ አልጋው እየሄደ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ… ሽርርር…»

«የእኔም እየሄደ ነው» አለ አባቷ፤ እጁንም ከአጠገቧ ካለው አልጋ ዘረጋላት።

አስካል እጁን ያዘች። ከዚያም ሁለቱም ቀስ… ቀስ… ቀስ ብለው ወደ እንቅልፍ ወጡ።