ተኝታ የምትጣራው ሴት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። በዚህ እጄ አፏን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የምሳ ሰዓት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ የጉሮሮ ክሊኒክ ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ።

ሴትዮዋ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና መጣች። ቢበዛ ሠላሳ ዓመቷ ነው። አትናገርም። ደብተር አውጥታ ትጽፋለች።

መጀመሪያ የጻፈችው... «ስማችሁን እንዳትነግሩኝ።»

ቀጥላ ደግሞ...

«ተኝቼ እጣራለሁ። ሳላውቀው ነው። ስሙን የጠራሁት ሰው የትም ይሁን የት ‹አቤት› ይልና ይሞታል። ባሌ። ጎረቤቴ። እናቴ። መርዝ አብልታቸዋለች ተብዬ ፖሊስ ይፈልገኛል። የስድስት ዓመት ልጄን ለእህቴ ትቼ ጠፋሁ። ድምፄን አጥፉልኝና ልመለስላት።»

ሐኪማችን ሽማግሌ ነው፤ ሳቂታ። አነበበና ጠቀሰኝ።

«እኔን ሚስቴ በቀን መቶ ጊዜ ትጠራኛለች። ይኸው አለሁ!»

እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«መጀመሪያ አስተኝተን ጉሮሮሽን እንይ» ብሎ ጻፈላት።

ብዙ አሰበች። ስማችንን ስለማታውቅ ይመስለኛል፣ በመጨረሻ እሺ አለች።

ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳ ወጥተዋል። የውጪውን በር ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

መርፌውን ወጋኋት። ዓይኗ ከበደ...

ያኔ ሐኪሙ ጥጡን ከጆሮዋ መዘዘና ሙሉ ስሙን ነገራት።

«እስኪ ጥሪኝ!» አለ እየሳቀ።

ዓይኗ ፈጠጠ። እጅጌዬን ጨመደደችኝ።

«አይ...»

ከመጣች ያወጣችው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ከዚያ ጣቶቿ ላሉ።



የልብ ምቷን አየሁ። ደህና ነው። ሐኪሙ መብራቱን ያስተካክላል።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ጠራችው። ቀስ ብላ... እናት ከደጅ የሚጫወት ልጇን እንደምትጠራ።

«አቤት» አለ።

የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱ ላይ ግን ሳቅ የለም። ቃሉን መልሶ ሊውጠው የፈለገ ይመስል አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ወደቀ።

ትንፋሽ የለም። የልብ ምት የለም።

ተንበርክኬ ደረቱን ስጫን... ከበላዬ እንደገና ጀመረች።

የሴት ልጅ ስም።

ግማሹን እንዳለች ዘልዬ አፏን በመዳፌ ደፈንኩት።

«አትጥሪያት! እባክሽ... ልጅሽ ናት!» አልኩ በሹክሹክታ።

ከንፈሯ ከእጄ ሥር ይላወሳል። ይላወሳል... ከዚያ ቆመ። በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ተኝታለች።

እፎይ ልል ስል...

«አቤት።»

ከኮሪደሩ ነው። የአሮጊት ድምፅ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

«አቤት...» ወንድ።

«አቤት...» ሌላ፣ ወደ በሩ የቀረበ።

ከእጄ ሥር ያለው ከንፈር አይንቀሳቀስም።

የልጅ ድምፅ እንዳይመጣ ጸለይኩ። አልመጣም።

የክፍላችን በር ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። እጄን ከአፏ ሳላነሳ ቀስ ብዬ አጎንብሼ አየሁ።

ባዶ እግሮች። ሦስት ጥንድ። ደብተሯ ላይ የጻፈቻቸው ሙታንም ሦስት ናቸው። ጣቶቻቸው ሁሉ ወደ እኛ።

ተጠጋግተው ነው የቆሙት። መሃላቸው ላይ ብቻ ቦታ ትተዋል...

የአንድ ትንሽ ልጅ እግር የሚያስቆም።