የተፋቀው ቀን

ሰውየው የይለፍ ቃሉን አልሳተም።

«የጠዋቱ ዳቦ አለቀ?»

«የከሰዓቱ ይሻላል» አለች ማንኪያ።

ማንኪያ የምስጢር ስሟ ነው። ለመጋዘኑ ሰዎች ግን ተራ የቀን ሠራተኛ ናት፤ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ያለውን ቀን በቲነር እየፋቀች አዲስ ታትምበታለች። ሸማቾችን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የተከላት ሰላይ መሆኗን የሚያውቀው አለቃዋ ብቻ ነው፤ «ዣንጥላ»።

አሁን በዳቦ ቤቱ ግፊያ መሀል ሁለት ፌስታል ይዛለች። በአንዱ ምሳ ዕቃዋ አለ። በመጋዘኑ አብረዋት የሚሠሩትና መፋቁን ያስተማሯት እትዬ «ከሳሽ እኮ ልጄ» እያሉ በየጠዋቱ የሚሞሉላት ነው። በሌላው ቀኑ በግማሽ የተፋቀ ጣሳ አለ። ዣንጥላ የላከው ተቆጣጣሪ ጣሳውን ይቀበላታል፣ የጭነት መኪናው ሳይወጣ መጋዘኑ ይታሸጋል። አለዚያ ወተቱ ነገ ጡጦ ውስጥ ነው።

ሰውየው ከመደርደሪያው የታሸገ ውሃ አነሳ። ከፈተና ግጥም አድርጎ ጠጣ።

ማንኪያ ክው አለች።

ቀኑን አላየም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ጉሮሮው ቢደርቅ እንኳ ጠርሙሱን ገልብጦ ቀን ሳያይ አይጠጣም። የሥራው በሽታ ነው፤ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር አስተናጋጅ ያስቀይማሉ። ይሄ ከነሱ አይደለም። ታዲያ የይለፍ ቃሉን ማን ነገረው?

ዣንጥላ።

ሸጧታል።

«ዕቃውስ?» አለ ሰውየው።

«እንካ ወንድሜ። እዚህ እንዳትከፍተው፣ ዓይን በዝቷል።»

ምሳ ዕቃዋን ሰጠችው። በጓሮ በር ወጣች። መሮጥ አማራት፤ አልሮጠችም።

«አንቺ! ቁሚ!»

አሁን ሮጠች። ሊነሳ የነበረ ታክሲ ላይ ተንጠለጠለች።

ወዴት ትሂድ? ያላት ስልክ የዣንጥላ ብቻ ነው። መታወቂያዋ የውሸት፣ እጇ ቲነር ቲነር ይሸታል። ፖሊስ ቢያያት መጀመሪያ የሚያስረው እሷን ነው። የሰላይ ሪፖርት ደግሞ ዣንጥላ መሳቢያው ውስጥ ይቀብረዋል።

የሕዝብ ጩኸትንስ?

ከራሷ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ከቅሬታ መስኮቱ ሰልፍ ገባች። ተራዋን ግን አልጠበቀችም። ጣሳውን መስኮቱ ላይ ዷ አደረገችው።

«ልጆች ሊገድሉብን ነው! እዩት፣ ቀኑን ፍቀውታል! መኪናው ሊወጣ ነው!»

ሰልፉ ተተረማመሰ። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት ጣሳውን ነጠቀቻት። «ይሄንኑ እኮ ነው የማጠጣው!» ብላ ጮኸች።

ዣንጥላ ጫጫታውን ሰምቶ በደረጃው ወረደ። ተያዩ። ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ሁሉ እናት አፍጥጦበት ምን ይበል?

«ተቆጣጣሪዎች ይውጡ» አለ። «አሁኑኑ።»

የሱ ጉዳይ ለነገ ይቆያል።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ በሩ ላይ ተያዘ። መጋዘኑ ታሸገ። ማንኪያ ከመንገዱ ማዶ ከተመልካቹ ጋር ቆማ ነበር። አንድም ጣሳ አላመለጠም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

እትዬን አወጧቸው።

ሽርጣቸውን እንኳ አልፈቱም። ዓይናቸው ሕዝቡን ሲቃኝ እሷ ላይ አረፈ። ደነገጡ። ከዚያ በቅንድባቸው ብቻ፣ ሂጂ አሏት።

«ከማን ጋር ነው የምትፍቁት?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ብቻዬን ነኝ ጌታዬ። ሌላ ማንም የለ።»

«አንዲት ወጣት አለች ተብሏል።»

«እሷ ምንም አታውቅም። ድሃ ናት፣ ተዋት።»

ማንኪያ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ብትናገር ምን ትላለች? ያስያዝኩዎ እኔ ነኝ?

እትዬን ያሳፈሩበት መኪና በሩ ተዘጋ። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከሚበተነው ሰው ጋር ተደባለቀች።