ለሜሮን ብቻ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሳሎን ሹሩባቸውን ተሠርተው ሲወጡ ሮዳስና እናቷ ብርቱካን በራሳቸው ሳሎን መስኮት አዩአቸው። ሴትዮዋ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከብርቱካን ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡና የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሄዱ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የሠራኋቸው» አለች ብርቱካን። «የልጃቸው ሰርግ ጊዜ እንኳ እኔ...»

ፎጣዎቹን ማጠፍ ጀመረች። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ስላልነካቸው እንደታጠፉ ነበሩ፤ እየዘረጋች እንደገና አጠፈቻቸው።

«ያወራችው እታፈራሁ ናት» አለች። «ሌላ ማን ያውቃል?»

ሮዳስ የሳይንስ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷል። አንዱን መስመር አምስት ጊዜ አነበበችው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባትም።

ብርቱካን ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ይህችን ባለ ሁለት ወንበር ሳሎን የከፈተችው ሮዳስ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኘባት። አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የግራ ጡቷ ወጣ፤ ከዚያ ኬሞ፣ ከዚያ ጨረር። ለደንበኞቿ ግን «እህቴን ላስታምም ነው» ብላ ነበር ሳሎኑን የዘጋችው። «ሥራዬ የሰው ፀጉር መንካት ነው፤ ከሰሙ ይጠየፉኛል» ትል ነበር። የሮዳስ አባት የሞያሌ መስመር ሹፌር ነው። ሕክምናው ሲጀመር በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ቆይቶ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ስልክ ብቻ። በየሕክምናው መሐል ብርቱካን ሐዋሳ ስትመለስ ያስታመመቻት ጎረቤቷ እታፈራሁ ናት።

መስከረም ላይ ዶክተሩ «ዋናው ሕክምና አልቋል» አላት። «ኪኒንሽን በየቀኑ ውሰጂ፤ በየስድስት ወሩ እየመጣሽ ታዪ፤ በግራ እጅሽ ከባድ ነገር አታንሺ። በተረፈ ሥራሽን ሥሪ፣ ኑሪ።» ብርቱካን ሳሎኑን ቀለም አስቀብታ ከፈተች። ደንበኞቿም ተመለሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ የሚጠብቁ ሴቶች ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ግን አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። በመጨረሻ አንዷ ስልክ ደውላ ነገረቻት፤ «ብርቱኬ፣ እኔ አላምንበትም፤ ግን በሽታው በፎጣና በማበጠሪያ ይጋባል እያሉ ነው።»

ያን ዕለት ብርቱካን በቀጥታ ወደ እታፈራሁ ግቢ ሄደች። የግቢው ተከራዮች ሁሉ ከየቤታቸው ወጥተው እያዩ፣ «ያመንኩሽ ሴት! አፍሽ ይዘጋ!» ብላ ጮኸችባት። ሮዳስ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ተዘጋጉ።

የተናገረችው ግን ሮዳስ ናት።

ጥር ውስጥ ነበር። በክፍላቸው በአንድ ለአምስት ቡድን ነበር የሚያጠኑት፤ የቡድናቸው መሪ ሜሮን ናት። ሮዳስ የድርሻዋን የሒሳብ ሥራ ሳትሠራ መጣች። እናቷን ስታስታምም አልነበረም፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ስታይ ነው ያመሸችው። ሜሮን ስሟን ለመምህሩ ልታስተላልፍ እስክሪብቶ ስታነሳ ቃሉ ከአፏ አመለጠ፤ «እናቴ እኮ የጡት ካንሰር ታማ ነው።» ሜሮን ወዲያው እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንዲያውም አቀፈቻት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅን ካዩ በኋላ፣ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሮዳስ ሜሮንን ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«ለማን ነገርሽ?»

«ምኑን?»

«የእናቴን ነገር።»

«ለእማዬ ብቻ ነዋ! ኧረ ባክሽ አታካብጂ» አለች ሜሮን እጇን እያራገፈች። «ደግሞ ለሰው አትንገሪ አላልሽኝም።»

እውነት ነበር፤ አላለቻትም።

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቷ ሳትናገር እታፈራሁ ቤት ሄደች። እታፈራሁ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ በእረፍት ቀኗ ደግሞ የራሷን አጥባ እያሰጣች ነበር።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አላከኝም፣ እትዬ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻት። እታፈራሁ የሚንጠባጠበውን ቀሚስ እንደያዘች ወደ እሷ ዞረች።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«አትንገሪያት።»

ሮዳስ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«ጎረቤቴ ከዳችኝ ብላ መኖር ትችላለች» አለች እታፈራሁ። «ልጄ ከዳችኝ ካለች ግን ምኗን ይዛ ትቆማለች? ካንቺ ሌላ ማን አላት?»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሰው ፊት ተሰድቤያለሁ። ስታስመልስ ባልዲ የያዝኩላት ሴት ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ዝም ብላ ጮኸች። እውነቱን ብታውቅም ደጃችሁን አልረግጥም።» ቀሚሱን ገመዱ ላይ ጣለችው። «በይ ሂጂ አሁን።»

ሮዳስ ወደ ሳሎኑ ስትመለስ እግሯ ቀለላት። እፎይ አለች። ሌላ ማንም አያውቅም፤ የተሰደበችው ሴት ራሷ አትንገሪ ብላታለች። ፈተናዋን ትፈተናለች፣ ክረምቱ ይገባል፣ ነገሩም ይረሳል። እንዲህ እያሰበች አንድ መንገድ ከጨረሰች በኋላ ግን ደስ ማለቷ ራሱ አስጠላት።

ሳሎኑ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። ብርቱካን ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። «እታፈራሁ እንጂ!» ትላለች። «እጄን ይዛ እያለቀሰች፣ ለካ ወሬዬን ልትሸጥ ነው!»

ስልኩን ስትዘጋ ሮዳስ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እማ፣ እትዬ እታፈራሁ አይደሉም።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ። ለሜሮን ነገርኳት። እሷ ለእናቷ ነገረች።»

ብርቱካን ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጇን በመስታወቱ ውስጥ ነው ያየቻት፤ አልዞረችም።

«ምን ብለሽ ነገርሻት?»

«የቤት ሥራ አልሠራሁም ነበር። ስሜን እንዳታስተላልፈው ብዬ።»

«ለቤት ሥራ?»

«አዎ።»

«እታፈራሁ ላይ ስጮህ የት ነበርሽ?»

«ከኋላሽ።»

«ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ።»

ብርቱካን የግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ያዘች። ሲደክማት የሚያብጠው ክንዷ ነው። ሮዳስ ትጮህብኛለች፣ ወይም ትመታኛለች ብላ ጠበቀች።

«ዶክተሩ ኑሪ ያለኝ ጊዜ» አለች ብርቱካን ቀስ ብላ፣ «ከማን ጋር እንደምኖር አውቅ ነበር። ውጪልኝ።»

ሮዳስ ወጣች። ቤት ግን አልሄደችም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አየች፤ ወደ ማዶ አየች፤ ተሻግራ ሄደች። ሮዳስ ተከትላት «አይጋባም!» ብላ መጮህ አማራት። ከደረጃው ግን አልተነሳችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብርቱካን ወጥታ የብረት መዝጊያውን በአንድ እጇ መጎተት ጀመረች። ሮዳስ ተነስታ በሌላው ጫፍ ያዘችላት። አብረው ዘጉት። ብርቱካን ቆልፋ መንገድ ጀመረች፤ ሮዳስም አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ።

ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ብርቱካን አልታጠፈችም። ወደ እታፈራሁ ግቢ በሚወስደው መንገድ ቀጠለች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሮዳስ መታጠፊያው ላይ ቆመች። በዚህ ሰዓት የግቢው ተከራዮች ሁሉ ደጃቸው ላይ ይሆናሉ። ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም። እታፈራሁም በሩን እንደማትከፍት ገምታለች፤ ከከፈተችም ለይቅርታ አይሆንም። ቤታቸው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ ገብታ ደብተሯን ዘርግታ መጠበቅ ትችላለች።

እናቷ ልትሰወር ስትል ሮዳስ መሮጥ ጀመረች። ደረሰችባት፤ ግን ከኋላዋ አልሆነችም። አልፋት ቀድማ ሄደችና ግቢው በር ላይ ስትደርስ እሷው አንኳኳች።