ሽቅብ የተበጠረ ጺም

«ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ ድመቶች! የነጭ ረጅም ጸጉር ምድብ የፍጻሜ ውድድር በዳኛው ሞት ምክንያት በአርባ ደቂቃ መዘግየቱን ማኅበራችን በጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። መዘግየቱ ላስከተለው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ለሞቱ ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም።

ዳኛ ቶርኪል ራስክ ከራንደርስ ከተማ የስፖርት አዳራሽ ጀርባ፣ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንገታቸው ተሰብሯል፤ ቀኝ እጃቸው ትንሽ ቃጭል ጨብጧል። እላይ አዳራሹ ውስጥ መቶ አርባ ድመቶች በየሽቦ ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ አንዲትም አትጮህም።

መርማሪ ዶርተ ስኮው አጎንብሳ ሬሳውን ለረጅም ጊዜ አየች። ኮቱ ተጨማድዷል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፣ የራስ ጸጉሩ አቧራ ለብሷል። ረጅሙ ሽበታም ጺም ግን ከደረት ወደ አገጭ ሽቅብ ተበጥሮ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ ተነፋፍቷል። ነካ ስታደርገው ጣቷ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

«ተገፍተው ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «የደረጃው መደገፊያ በሳኒታይዘር ተወልውሏል፣ አሻራ የለም። ያገኛቸው ያ ሽማግሌ ነው፤ ጠርሙሱም ወገቡ ላይ አለ። ካቴናውን ላውጣ?»

«ትንሽ ታገስ።»

ሽማግሌው ፓለ ይባላሉ፤ ድመቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ የሚያቀርቡ የቀድሞ ፖስተኛ ናቸው።

«መደገፊያውን የወለወሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ልጄ። ስወርድ ያዝኩት፤ የያዝኩትን ወለወልኩ። ከአንዷ ድመት ወደ ሌላዋ በሽታ እንዳይሄድ ሃያ ዓመት ሙሉ የነካሁትን ሁሉ ስወለውል ኖሬያለሁ። ሚስቴ እንኳ ‹እኔን ነክተህ እጅህን ትታጠባለህ› እያለች ታሽሟጥጠኛለች።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ልታስሩኝ ነው? እሷ እኮ ያለ እኔ ከአልጋ አትወርድም።»

«ትናንት ከዳኛው ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«‹ቀርፋፋ› አሉኝ። ቀርፋፋ ነኝ፤ ምን ያጣላናል?»

ተወዳዳሪዋ ወይዘሮ ኢንገር ባለ አጭር ጸጉር ግራጫ ድመታቸውን በሐር ጨርቅ ከራስ ወደ ጅራት እያሹ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«አቶ ቶርኪልን የሚጠላቸው ማን ነው?» አለች ዶርተ።

«የማይጠላው አለ? ሦስት ዋንጫዬን የበላ ሰው ነው። ግን ዘንድሮ ሊሸልመኝ ነበር ይላሉ። ብገድለው ከሽልማቱ በኋላ ነበር የምገድለው።»

«ማበጠሪያ ይዘዋል?»

«ለዚህች? ማበጠሪያማ የዚያ የጥጥ ነጋዴ ነው» አሉ፣ በአገጫቸው ጎረቤታቸውን እያሳዩ።

ጎረቤቱ አቶ ያልማር ብሩን ነጭ የፋርስ ድመት ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ዱቄት እየነሰነሱ፣ ከጅራት ወደ ራስ ያበጥሯታል።

«ረጋ ያለች ድመት ናት።»

«አሥራ አንድ ትውልድ ሙሉ ያራባሁት ዘር ነው፣ እመቤቴ። ሰማይ ቢደረመስ አትደነግጥም።»

«ዛሬ ጠዋት ዳኛውን አግኝተዋቸው ነበር?»

«ባለቤት ከውድድር በፊት ዳኛ ማነጋገር አይፈቀድለትም። ደንብ አከብራለሁ።»

አርባው ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ዶርተ ሦስቱን በባዶው የዳኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ የአዳራሹን ጣሪያ ይደበድባል።

«መውደቅ ጺም አያበጥርም» አለች። «አቶ ቶርኪል ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ ጺማቸውን አሳምሯል። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም ይባላል፤ ለካ ባለቤቷም አይረሳም። አቶ ፓለ ቢሆኑ ኖሮ ይወለውሉት ነበር፤ ጺሙ ግን ሳኒታይዘር አይሸትም። ወይዘሮ ኢንገር ቢሆኑ ቁልቁል ያሹት ነበር። ዱቄት ነስንሶ ሽቅብ የሚያበጥር ከሦስታችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ምን አጣልቶን?» አሉ ያልማር።

ዶርተ የሟቹን ቃጭል ከኪሷ አውጥታ ከነጯ ድመት ጀርባ አቃጨለች። በአዳራሹ ሙሉ ሁለት መቶ ሰባ ስምንት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጯ መዳፏን መላስ አላቋረጠችም።

«አትሰማም!» አሉ ኢንገር። «የማትሰማ ድመት አትወዳደርም፤ ዘሯም አይራባም! አንተ ያልማር፣ አሥራ አንድ ትውልድ ሙሉ…»

ያልማር ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ፓለ ሳያስቡት ጠርሙሳቸውን መዘው ሊወለውሉት ሲሉ ዶርተ እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉት፣ አባቴ፤ ማስረጃ ነው። እርስዎ ወደ ሚስትዎ ይሂዱ።»

«ከጀርባዋ ሲያቃጭል አየሁት» አሉ ያልማር። «ደረጃው ድረስ ተከትዬ ለመንኩት። ሳቀ። ገፋሁት።»

«እሱስ ገባኝ። ልማድ ነው አልኩ፤ ልማድ ግን አንዴ ሁለቴ አበጥሮ ይተዋል። እርስዎ ማንም ሊደርስብዎ ሲችል ሬሳ አጠገብ ተቀምጠው፣ ዱቄት ነስንሰው፣ እስከ መጨረሻው አሳመሩት። ለምን?»

ያልማር ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።

«እሱን አልናገርም።»