የዘነበ በር

ዘነበ የሞተው የባቡር ማቋረጫው በር ሊመረቅ በነበረበት ቀን ጠዋት ነው። ከየካ ተራራ የግንባታ ድንጋይ ጭና የምትወርደው ትንሽ ባቡር፣ ከበሩ ዝቅ ብሎ ባለው ኩርባ ላይ ጨፍልቃው አለፈች። መቶ አለቃ አባይነሽ ከፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ ስትደርስ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ለይኩን ምርመራውን በራሱ ጨርሶ ጠበቃት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ። ጉዳዩ ያለቀ ነው» አለና ቀኝ እጁን ጨብጦ አንጓውን ዘረጋላት። ከቁርስ ላይ የተነሣ መስሏት አንጓውን ጨበጠች። «ባቡር ነጂው በዳዳ ጡሩምባ ሳይነፋ ሰው ገደለ። አሻጥር ነው። ዛሬውኑ ለበላይ አካል እናስተላልፈዋለን።»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ስም ለበላይ አካል የተላለፈ ሰው ቤቱ ሲመለስ ያየ ጥቂት ነው። ሽማግሌው በዳዳ ይህን ስለሚያውቅ በሁለት የአብዮት ጥበቃ ዘቦች መሀል ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። መቶ አለቃዋ እጇን ስትዘረጋለት በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅ አላት።

«ጋሽ በዳዳ፣ ለምን አልነፉም?»

«ልጄ፣ ክሊኒኩ አጠገብ መንፋት ተከልክሏል እኮ! እናቶች ይወልዱበታል፣ ሕመምተኛ ይተኛበታል። ሰፈሩ አዋጥቶ በር ያቆመው ጡሩምባው እንዲቀር ነው። ገና ሳይመረቅም ጠባቂው ዘነበ የበሩን አግዳሚ ያወርድና አረንጓዴ ጨርቅ ያሳየኛል። ጨርቁን ካየሁ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ካላየሁ ቆሜ እነፋለሁ።»

«ዛሬስ አዩ?»

«አይቻለሁ! ጉሙ ሰውየውን ቢሸፍነውም ጨርቁ ይታይ ነበር። ግራ እጁን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ይዞታል።»

«ሐዲድ ላይ የተኛ ሰው ጨርቅ ያሳያል?» አለ ለይኩን እየሳቀ።

አባይነሽ ወደ በሩ ሄደች። አግዳሚው በቀይና በነጭ ዘይት ቀለም የተቀባው ገና ጠዋት ስለሆነ አልደረቀም። ቀዩ ላይ የሰው መዳፍ አርፎበታል። ዘነበ ይጠብቅባት በነበረችው ጎጆ ደጃፍ አፈሩ ደም ጠጥቷል፤ ሐዲዱ ላይ ግን ያለው ደም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሬሳው ዘንድ ሄዳ ቀኝ እጁን ገልብጣ አየችው። ንጹሕ ነው፤ ላምባ ላምባ ይሸታል።

ከበሩ አጠገብ ሱቅ ያላት ሰዓዲያ ከዘነበ ጋር መኳረፏን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ደንበኞቿ ወዲያ ማዶ ይቀሩባታል። መቶ አለቃዋን ጨብጣ አስገባቻት።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለች። «ዛሬ ግን ቀለሙን ጨርሶ እጄን ላጽዳበት ሲለኝ አላስቻለኝም፤ የቀረችኝን ላምባ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ በዚህ ሰፈር ጠብታ ላምባ የለም።»

ውጭ ለቀስተኛው «የዘነበ በር ዘነበን በላው!» እያለ ያለቅሳል። ለይኩን ግን «የቀበሌው በር!» እያለ ለቅሶ ያርማል። ለቅሶ የሚያርም ሊቀመንበር ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

የሟቹ ሚስት አሳየች ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ለምረቃው በማዳበሪያ ከተሸፈነው ሰሌዳ ሥር ተቀምጣለች።

«አሳየች፣ ዘነበ ጨርቁን በግራ እጁ ያነሣ ነበር?» አለቻት አባይነሽ ቀስ ብላ።

«ከኦጋዴን ግንባር ከተመለሰ ወዲህ ከደረቱ በላይ አይነሣለትም። ልጁን እንኳ ሽቅብ አንሥቷት አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ለምረቃ የተጠራው ሕዝብ ለለቅሶ ተሰበሰበ። አባይነሽ በዳዳን፣ ሰዓዲያንና ለይኩንን ከበሩ ፊት አቆመቻቸው።

«የነገራችሁኝ እውነት ከሆነ ማሉልኝ። እጃችሁን አንሡ።»

በዳዳና ሰዓዲያ ቀኛቸውን አነሡ። ለይኩን ግን፣ በየስብሰባው መፈክር ሲያሰማ እንደለመደው፣ ግራውን ጨብጦ ሽቅብ ቀጥ አደረገ።

«በቀኝ ነው የሚማለው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አላነሣም።

«እንግዲያው ስሙኝ» አለች። «ዘነበ የተመታው ጎጆው ደጃፍ ነው፤ ደሙ እዚያ ፈሷል። ወደ ሐዲዱ የተጎተተው ከሞተ በኋላ ነው። ጋሽ በዳዳ ጨርቁን ባያዩ ኖሮ ቆመው ይነፉ ነበር፤ ሰውም ወጥቶ ሬሳውን ያይ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ራሱ አግዳሚውን ስቦ አወረደ፣ ጨርቁንም አሳየ። የተነሣው ግራ እጅ ነው፤ የዘነበ ግራ እጅ ደግሞ አይነሣም። አግዳሚውን ሲስብ እርጥቡ ቀለም መዳፉ ላይ ቀረ። ዘነበ እጁን አጽድቶ ስለነበር አሻራው የሱ አይደለም። ይህ ቀለም በውኃ አይለቅም፤ ላምባ ደግሞ አልቋል። ሁለቱ ጠዋት በመዳፋቸው ጨብጠውኛል። አንጓዎን የሰጡኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዘቦቹ የለይኩንን ቀኝ እጅ ይዘው ፈለቀቁት። መዳፉ ቀይ ነበር።

«ለዚህ በር ፈቃድ በየቢሮው ደጅ ስጠና የኖርኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «እሱ በየቤቱ ዞሮ መዋጮ ስለሰበሰበ ብቻ የዘነበ በር ተባለ! ሕፃን ሳይቀር የዘነበ በር! ስሰማው አንጀቴ ያርር ነበር። ጭራሽ ዛሬ ስሙን በሰሌዳ ሊሰቅልብኝ? ሽፋኑን ግለጠው ስለው እንቢ አለኝ!»

አሳየች ከተቀመጠችበት ተነሥታ ማዳበሪያውን ገፈፈችው። ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «ይህ በር በጓድ ለይኩን ጥረት ተሠራ» የሚል ተጽፏል።

ለይኩን አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ዘቦቹ በዳዳን ትተው ክንዱን ሲይዙት እንኳ ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«ምረቃው ላይ ሊያስደስትህ ነዋ» አለችው አሳየች።